ብሩስ ሊ ካረፈ በኋላ የመጡት ብሩስ ሊዎች

ክቡራትና ክቡራን፣ የኩንግ ፉ አሠልጣኞችና ሠልጣኞች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ከመካከላችሁ «የብሩስ ሊን አሥር ፊልም አይቻለሁ» የሚል ካለ እጁን ባያወጣ ይሻለዋል። ሰውዬው በመሪ ተዋናይነት ጨርሶ የተወልን የኩንግ ፉ ፊልም አራት ብቻ ነው። አምስተኛውን ጀምሮ ሳይጨርስ፣ ሐምሌ 13 ቀን 1965 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 20 ቀን 1973፣ ሆንግ ኮንግ ውስጥ አንጎሉ አብጦ በ32 ዓመቱ አረፈ። ታዲያ የቀሩት ስድስቱ የማን ናቸው?

የታይዋኑ ሆ ቹንግ ታኦ እሱም «ብሩስ ሊ» ተባለ፤ ከዋናው የሚለየው በላቲኑ አጻጻፍ ብቻ ነበር። በርማ የተወለደ ሌላ ወጣት «ብሩስ ሌ» ሆነ፣ አንድ ኮሪያዊ ደግሞ «ድራገን ሊ»። ሁሉም ጸጉራቸውን እንደ እሱ ተቆረጡ፣ አፍንጫቸውን በአውራ ጣት ጠረግ አደረጉ፣ እንደ እሱ ጮኹ። በፈረንጆቹ በ1977 (ከዚህ ወዲያ የምጠራው ዓመት ሁሉ የፈረንጅ ነው) የወጣ አንድ ፊልምማ ብሩስ ሊን ሲኦል አውርዶ ከድራኩላና ከጄምስ ቦንድ ጋር ያደባድበዋል። ሳቁ፣ ያስቃል።

እነዚህን ልጆች ልወቅስ ግን አልመጣሁም። እንጀራ ፍለጋ ነው። ጥሩ ስፖርተኞች ነበሩ፤ የገዛ ስማቸው ፖስተር ላይ ሳይወጣ በሰው ስም ሲደባደቡ ኖሩ።

የምወቅሰው ዋናውን ፊልም በእጁ የያዘውን ነው። ብሩስ ሊ በ1972 ራሱ መቅረጽ ጀምሮት፣ «ኢንተር ዘ ድራገን» የተባለው ፊልም ሲመጣ ያቋረጠውን «ጌም ኦፍ ዴዝ»ን የፊልም ኩባንያው ጎልደን ሃርቨስት በ1978 ጨርሶ ለገበያ አቀረበው። እሱ ራሱ የሚደባደብበት ዋናው ክፍል 11 ደቂቃ ገደማ ነው። ሌላውን ምትኮች ሞሉት፤ ጥቁር መነጽር አድርገው፣ ፊታቸውን እያዞሩ። አንድ ቦታ ላይ ምትኩ መስታወት ፊት ተቀምጧል። ከካርቶን የተቆረጠ የብሩስ ሊ ፊት መስታወቱ ላይ ተለጥፏል፤ ልጅ እንኳ ይነቃበታል።

እሱስ ይሁን። በታሪኩ ውስጥ ባለታሪኩ ፊልም ሲቀረጽ በእውነተኛ ጥይት ይመታና የሞተ መስሎ ይሰወራል። እዚህ ላይ የራሱን የብሩስ ሊን ቀብር አስገቡበት፦ ሆንግ ኮንግ ላይ የወጣውን ሐዘንተኛ፣ ሣጥኑን፣ ሣጥኑ ውስጥ ያለውን ፊቱን። በሬሳ ትኬት መሸጥ ማለት ይኸው ነው! ልጁ ብራንደንም በ1993 ፊልም ሲቀረጽ፣ ድምፅ ብቻ የሚያሰማ ጥይት ነው ያለው በተባለ ሽጉጥ ተመትቶ ሞተ። አሜሪካ፣ ሲያትል ውስጥ ከአባቱ ጎን ተቀብሯል።

ጃኪ ቻንንም ዳይሬክተር ሎ ዌይ በ1976 ሁለተኛ ብሩስ ሊ ሊያደርገው ሞክሮ ነበር፤ ተመልካች እንቢ አለ። ጃኪ ብሩስ ሊን በቅርብ ያውቀዋል፤ ፊልሞቹ ላይ በስታንትማንነት ሠርቷል፣ ከእጁም ቀምሷል። በ1978 በ«ድራንከን ማስተር» ሌላ መንገድ ያዘ። ብሩስ ሊ መትቶ ዝም ይላል፤ ጃኪ መትቶ የገዛ እጁን እያራገፈ «ወይኔ!» ይላል። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ብሩስ ሊን ያከበረው እንዲህ ያለው ነው።

ሌላም ላንሣ። በ2005 ቦስኒያ ውስጥ፣ ጦርነት ለሁለት በከፈላት በሞስታር ከተማ፣ ወጣቶች ለብሩስ ሊ ሐውልት አቆሙ፤ ሆንግ ኮንግ የራሷን ከማቆሟ አንድ ቀን ቀደም ብለው። ክሮአቱም ቦስኒያኩም ሰርቡም በልጅነቱ የወደደው፣ ማንም «የእኛ ብቻ ነው» የማይለው ጀግና ሲፈልጉ እሱን አገኙ። ብዙም ሳይቆይ ጉዳት ደረሰበትና ለጥገና ተነሣ፤ በኋላ ግን መልሰው አቆሙት።

ዛሬ ከ«ጌም ኦፍ ዴዝ» የምናሳያችሁ እነዚያን 11 ደቂቃዎች ነው፤ ቢጫ ቱታውን ለብሶ ፎቅ በፎቅ እየተደባደበ ሲወጣ፣ ላይ ደግሞ 2 ሜትር ከ18 የሚሆነው የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ካሪም አብዱልጀባር ሲጠብቀው። ቀብሩን ቆርጠን አውጥተነዋል። ሙሉውን ማየት የፈለገ ቤቱ ይይ።

አመሰግናለሁ።