ናራ እደሩ

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራው ስለ አንድ ከተማ ነው። ናራ ትባላለች። ጃፓን ነው ያለችው፣ ከኦሳካም ከኪዮቶም በባቡር አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ እህቴ የምትኖረው ዱባይ ነው። እረፍት ልወስድ ነውና ጃፓን እንሂድ አለችኝ። እኔ ኦሳካ ለትምህርት ቆይቼ ስለነበር አካባቢውን ትንሽ አውቀዋለሁ፣ እና እቅዱን አብረን እያወጣን ነው። የላከችልኝን ዝርዝር ከፍቼ ሳየው ኪዮቶ ሦስት ቀን፣ ኦሳካ አንድ ቀን፣ ናራ ግማሽ ቀን ይላል። ወዲያው ደወልኩላት። «ናራ ግማሽ ቀን ምን ያደርግልሻል? እዚያ እኮ ማደር ነው!» አልኳት። «ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርገው» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ሰዉ ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ ከኪዮቶ ይመጣል፣ አጋዘን ያበላል፣ ትልቁን ቡድሃ ያያል፣ ፎቶ ይነሳል፣ አስር ሰዓት ላይ ተመልሶ ባቡር ውስጥ ነው። ከተማዋን የሚያያት በጣም በምትጨናነቅበት ሰዓት ብቻ ነው ማለት ነው። ይሄ ነገር ያንገበግበኛል። ስለዚህ ለእሷ የነገርኳትን ለእናንተም ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ትንሽ ታሪክ፣ ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው። ናራ የጃፓን ዋና ከተማ የሆነችው በ710 ነው፣ እስከ 784 ድረስ። ኪዮቶ መናገሻ የሆነችው ከዚያ በኋላ፣ በ794 ነው። ሰባ ምናምን ዓመት አጭር ነው፤ ግን በዚያች አጭር ጊዜ የተሠራውን ስታዩ ትገረማላችሁ። በ735 ፈንጣጣ ገባና ሕዝቡን ፈጀው፣ ቤተ መንግሥት ድረስ ዘልቆ ትልልቅ ሹማምንትን ጨረሰ። ንጉሠ ነገሥቱ ሾሙ ይባላል። በ743 አገሩን የሚጠብቅ ግዙፍ የነሐስ ቡድሃ እንዲሠራ አዋጅ አስነገረ። እኔን ከሁሉም በላይ የሚነካኝ አዋጁ ውስጥ ያለ አንድ ነገር ነው፦ አንዲት ሰበዝ ሣር ወይም አንድ እፍኝ አፈር ይዞ የመጣ ሰው ቢኖር እንኳ ይቀበሉት ብሏል። አቅም የሌለውም እጁ ይግባበት ማለቱ ነው።

ሥራው አልቆ በ752 የቡድሃውን ዓይን የመግለጥ በዓል ተደረገ። ብሌኑን የሣለው ከህንድ የመጣ ቦዲሴና የሚባል መነኩሴ ነው። ብሩሹ ላይ ረጃጅም ገመዶች ታስረው ነበር፣ የተሰበሰበው ሰው ገመዱን ይዞ አብሮ ሣለ። ያ ብሩሽም ገመዱም እስከ ዛሬ አሉ፣ ሾሶይን በሚባለው የንጉሠ ነገሥቱ ግምጃ ቤት ተቀምጠዋል።

ቤተ መቅደሱ ቶዳይጂ ይባላል። ቡድሃው ተቀምጦ 15 ሜትር ያህል ነው። ሰው ገብቶ ቀና ብሎ ፊቱን ያያል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ይወጣል። እኔ ግን እህቴን ዝቅ ብለሽ እግሩ ሥር እዪ ብያታለሁ። ምክንያቱም ቦታው ሁለት ጊዜ በጦርነት ተቃጥሏል፣ በ1180 እና በ1567። አሁን የምናየው ጭንቅላት የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። አዳራሹም በ1709 ያለቀ ነው፣ ከመጀመሪያው በስፋት አንድ ሦስተኛ ያህል ቀንሶ። ከ8ኛው ክፍለ ዘመን የተረፈው ታች ነው ያለው፤ ከተቀመጠበት የሎተስ አበባ ቅጠሎች ውስጥ የተወሰኑት የዚያን ዘመን ናቸው፣ ላያቸው ላይ በቀጭን መስመር ቡድሃዎችና ዓለማት ተቀርጸውባቸዋል። ያ ሁሉ እሳት አልፎባቸው መስመሩ አሁንም አለ።

ሌላው ሰው የሚያልፈው ነገር ትልቁ የደቡብ በር ነው፣ ናንዳይሞን። በሩ ሥር አጋዘኖቹ ይሰበሰባሉ፣ ሰዉም እነሱን ያያል። ግራና ቀኝ ጨለማው ውስጥ ግን ከ8 ሜትር በላይ የሚረዝሙ ሁለት የእንጨት ጠባቂዎች ቆመዋል፣ አንደኛው አፉን ከፍቶ፣ ሌላኛው ገጥሞ። ኡንኬይና ካይኬይ የሚባሉ ቀራጮች ከረዳቶቻቸው ጋር በ1203 ሠሯቸው፣ በ69 ቀን! ብዙ ቁርጥራጭ እንጨት ተገጣጥሞ ነው የተሠሩት። አንገታቸው ላይ የተገተረውን ጅማት፣ የጨርቁን እጥፋት እዩት። ፊታቸው ወደ ውጭ ሳይሆን እርስ በርስ ስለሆነ መሃል ላይ መቆም አለባችሁ። ቁሙና ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ጠብቁ። ሰው ሲበዛ ይሄ አይቻልም፣ ጠዋት ግን ይቻላል። አዳራሹ ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ አንድ ተኩል ነው የሚከፈተው፣ በሌላው ጊዜ ሁለት ሰዓት። ናራ ያደረ ሰው ቁርሱን በልቶ በእግሩ ይደርሳል። ከኪዮቶ የሚመጣው ያን ጊዜ ገና አልጋው ላይ ነው።

ስለ አጋዘኖቹም ልበል፣ እህቴ ዋናው ጉጉቷ እነሱ ናቸው። ከ1,300 በላይ ይሆናሉ። የማንም ንብረት አይደሉም፣ የዱር ናቸው፤ ካሱጋ ታይሻ የሚባለው ቤተ መቅደስ አምላክ መልእክተኞች ናቸው ተብሎ ስለሚታመን ከጥንት ጀምሮ የሚነካቸው የለም። ለእነሱ ተብሎ የተሠራ ብስኩት ይሸጣል፣ ከሩዝ ፉርሽካና ከዱቄት ነው፣ ስኳር የለውም። ከዚያ ውጭ ምንም አትስጧቸው። አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ስጡኝ ይላሉ፣ ታዲያ ያን ጊዜ ብስኩቱን ይዞ ማጓጓት አይገባም፣ ይነክሳሉ፣ ይገፋሉም። ሲያልቅባችሁ ሁለት እጃችሁን ዘርግታችሁ ባዶ መሆኑን አሳዩአቸው፣ ገብቷቸው ይሄዳሉ። እባካችሁ ፌስታል አትጣሉ። በ2019 የሞቱ አጋዘኖች ሆድ ውስጥ ኪሎዎች የሚመዝን ፕላስቲክ ተገኝቷል። ብስኩቱ የሚታሰርበት ወረቀት እንኳ ቢበሉት እንዳይጎዳቸው ተብሎ የተዘጋጀ ነው፣ ከተማው ይህን ያህል ተጨንቆላቸዋል።

አሁን ወደ ማታው ልምጣ፣ ለማደር ዋናው ምክንያቴ ይሄ ነው። ከቶዳይጂ በስተጀርባ ዳገቱን ስትወጡ ኒጋትሱዶ የሚባል አዳራሽ አለ። ሰገነቱ ሌሊትም ቀንም ክፍት ነው፣ ክፍያ የለውም። የድንጋዩን ደረጃ ወጥታችሁ እንጨቱ ወለል ላይ ትቆማላችሁ። ፋኖሶቹ በርተዋል፣ ከታች የትልቁ አዳራሽ ጣሪያ ይታያል፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ሁለት ወርቃማ ጌጥ አለው፣ ፀሐይ ከኢኮማ ተራራ በስተጀርባ ስትገባ እነሱ ናቸው መጨረሻ የሚያበሩት። ከዚያ የከተማው መብራት አንድ በአንድ ይበራል። የአካባቢው ሰዎች ከሥራ ሲመለሱ ጎራ ብለው ይጸልያሉ፣ እጃቸውን ያጋጥማሉ፣ ይወርዳሉ። ኦሳካ እያለሁ ሲከፋኝ እዚያ ነበር የምሄደው። በየዓመቱ ከማርች 1 እስከ 14 ደግሞ በዚያው ሰገነት ላይ ትልልቅ ችቦ ተይዞ ይሮጣል፣ ፍንጣሪው ከታች የቆመው ሕዝብ ላይ ይዘንባል። ይህ ሥርዓት ከ752 ጀምሮ አንድም ዓመት አልተቋረጠም።

በሁለተኛው ቀን ሆርዩጂ የሚባለው ቤተ መቅደስ። ከናራ ጄአር በሚባለው ትልቁ የባቡር ድርጅት ባቡር አሥራ ሁለት ደቂቃ ገደማ ነው። በ607 የተመሠረተ ነው፣ በዓለም ላይ እስካሁን ከቆሙት የእንጨት ሕንጻዎች ሁሉ የሚቀድሙት እዚያ ናቸው። ሌላ ነገር አትጨምሩበት፣ ቀኑን ለእሱ ስጡት። ናራ ውስጥ ያለው የኮፉኩጂ ቤተ መቅደስ ባለ አምስት ፎቅ ማማ፣ ፓጎዳው ግን ሰሞኑን ለረጅም እድሳት ተሸፍኗል፣ ፎቶውን አይታችሁ እንዳትጠብቁ።

አሁን ቶሎ ቶሎ ልበል። ባቡር፦ ከኪዮቶ ኪንቴትሱ በሚባለው የግል ድርጅት ባቡር ተሳፈሩ፣ ጣቢያው አጋዘኖቹ ላሉበት ፓርክ ይቀርባል። በመላው ጃፓን የሚያገለግለው የጄአር ፓስ በ2023 ኦክቶበር ለሰባት ቀን ወደ 50,000 የን ከፍ ብሏል፣ ለእንዲህ ያለ አጭር ጉዞ ብር ማባከን ነው፤ ኪንቴትሱ ላይም አይሠራም። ኢኮካ የምትባል ካርድ ገዝታችሁ ብር ሙሉባት፣ ለባቡርም ለአውቶቡስም ለሱቅም ትሆናለች። ከዱባይ የምትነሱ ኦሳካ ካንሳይ የሚያርፍ በረራ ያዙ፣ ቶኪዮ ካረፋችሁ ግማሽ ቀን መንገድ ላይ ያልቃል። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትጓዙ ቪዛ ቀድማችሁ ማውጣት አለባችሁ፣ ማመልከቻው በየቀኑ የት እንደምትሄዱና የት እንደምታድሩ የሚያሳይ ዝርዝር ይጠይቃል። ስለዚህ «ናራ እናድራለን» የሚለውን ያኔውኑ ጻፉት።

ምግብ ላይ ግን ቆም ልበል፣ እህቴ ጾም ታጠብቃለች፣ ዓሣም አትነካም። ጃፓን ውስጥ አትክልት ብቻ የሚመስል ምግብ ሁሉ የጾም አይደለም። ዳሺ የሚባል መረቅ አለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከደረቀ ዓሣ ነው የሚወጣው፣ ሾርባውም ኑድሉም የተቀቀለ ቶፉውም (ከአኩሪ አተር የሚሠራው) ውስጥ አለ። መፍትሔው የመነኮሳቱ ምግብ ነው፣ ሾጂን ርዮሪ ይባላል፦ ሥጋ የለ፣ ዓሣ የለ፣ እንቁላል የለ፣ ወተት የለ። ሲያቀርቡት በትንንሽ ሳህን ቶፉው፣ ሥራሥሩ፣ እንጉዳዩ ለየብቻው ነው። ቀድሞ ማስያዝ ያስፈልጋል። ዓሣ የምትበሉ ደግሞ ካኪ በሚባል የፍራፍሬ ዛፍ ቅጠል የተጠቀለለውን ሱሺ ሞክሩ፣ ናራ ከባሕር የራቀች ስለሆነች ዓሣው በጨው ታሽቶ ነበር ተራራ ተሻግሮ የሚገባው።

የቀረን ወሩን መቁረጥ ነው። እሷ ለቼሪ አበባው ኤፕሪል ትላለች። እኔ ኦክቶበር መጨረሻን ነው የምፈልገው። ያን ጊዜ የሾሶይን ዕቃዎች ለሁለት ሳምንት ያህል በናራ ብሔራዊ ሙዚየም ይታያሉ፣ የሚወጡት በየዓመቱ እየተቀያየሩ ስለሆነ ያመለጠው ዕቃ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም። በዚያ ሰሞን ሆቴል ቶሎ ይሞላል፣ ስለዚህ በዚህ ሳምንት መወሰን አለብን። በኤፕሪልም በኦክቶበርም ናራ የነበራችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ ለእህቴ አነብላታለሁ። ቻው፣ ደህና ሁኑ።