ፉጂ ላይ የወረደው ላውዳ፣ እኔን ሳያስፈቅድ የተነሣው እግሬ

አቅራቢው፦ አድማጮቻችን፣ እንኳን በደህና መጣችሁ። የዛሬው ርዕሳችን የፎርሙላ 1 መኪና ተወዳዳሪው ኒኪ ላውዳ እ.ኤ.አ. በ1976 በጃፓን ፉጂ ላይ ያሳለፈው ውሳኔ ነው። የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር ነበር፤ ላውዳ ተቀናቃኙን ጄምስ ሃንትን በሦስት ነጥብ እየመራ መጥቶ፣ ከሁለት ዙር በኋላ በከባዱ ዝናብ ምክንያት መኪናውን አቁሞ ወረደ፤ ሻምፒዮንነቱንም በአንድ ነጥብ አጣ። ይህን ታሪክ ባነሣሁት ቁጥር ያንገበግበኛል። አንቺ ለዓመታት የተወዳደርሽ ስለሆንሽ፣ እንዴት በገዛ ፈቃዱ እንደወረደ እንድታስረጂኝ እፈልጋለሁ።

አቅራቢዋ፦ አስረዳሃለሁ፤ ነገር ግን በመጀመሪያ ስለ አንድ መታጠፊያ ልንገርህ፤ እርሱን ሳልናገር ስለ ላውዳ የምለው ሁሉ ከሰው አፍ የተቀዳ ይሆንብኛል። በአነስተኛ የፎርሙላ መኪና መወዳደር በጀመርሁ በሁለተኛው ዓመት፣ እግር ከነዳጅ መስጫው ሳይነሣ በሙሉ ፍጥነት የሚታለፍ አንድ የቀኝ መታጠፊያ ነበር። በዕለቱ ዝናብ ይጥላል። መኪኖች ዘወትር የሚመላለሱበት መስመር የጎማ ላስቲክ ይጋገርበታል፤ ያ ላስቲክ በደረቅ ጊዜ ጎማን አጥብቆ ይይዛል፤ ውኃ ሲነካው ግን እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ስለዚህ በዝናብ የሚነዳ ሰው ከለመደው መስመር ወጥቶ ሻካራውን አስፋልት መፈለግ ይኖርበታል። ይህን አሳምሬ አውቅ ነበር። ሆኖም ከፊቴ ያለውን መኪና ለመቅደም ስቸኩል እጄ ወደለመደው መስመር መለሰኝ፤ የኋላ ጎማዎቹ ከዱኝ፤ ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የግንቡን ድምፅ ብቻ ነው።

አቅራቢው፦ ተጎድተሽ ነበር?

አቅራቢዋ፦ የእጅ አንጓዬ ተሰብሮ ነበር፤ እርሱስ ዳነ። ከባዱ ነገር የመጣው ከተመለስሁ በኋላ ነው። በመጀመሪያው የልምምድ ቀን ጥሩ ነዳሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ወረድሁ። መሐንዲሱ የእኔንና የቡድን ባልደረባዬን የቴሌሜትሪ መስመሮች፣ ማለትም መኪናው ላይ ያለው መሣሪያ የመዘገበውን በወረቀት የሚያሳዩትን፣ አንዱን በሌላው ላይ ደርቦ ሲያሳየኝ፣ በሌሎቹ መታጠፊያዎች ሁሉ ተቀራርበን ነበር፤ በዚያ በቀኙ ግን የእኔን የነዳጅ አሰጣጥ የሚያሳየው መስመር ለአፍታ ዝቅ ብሎ ይመለሳል። እግርሽን አንሥተሻል አለኝ። እኔ አላነሣሁም ብዬ ተከራከርሁት፤ ከልቤም ነበር የተከራከርሁት፤ ማንሣቴን አላውቅም ነበርና።

አቅራቢው፦ ሰውነትሽ ሳያስፈቅድሽ ፈርቷል ማለት ነው!

አቅራቢዋ፦ ሳያስፈቅደኝ ብቻ ሳይሆን ሳይነግረኝም ጭምር። ያቺ ቅጽበት ደግሞ በመታጠፊያው ብቻ አታበቃም፤ ከመታጠፊያው የወጣህበትን የፍጥነት ጉድለት እስከሚቀጥለው የፍሬን ቦታ ድረስ በቀጥታው መንገድ ሁሉ ተሸክመኸው ትሄዳለህ። በየልምምዱ ዛሬስ አላነሣም እያልሁ እገባለሁ፤ ማታ ወረቀቱ ላይ ያው መስመር ዝቅ ብሎ አገኘዋለሁ። ይህ ለሳምንታት ቀጠለ። ሰው ስለ ተወዳዳሪ ውድቀት ሲያወራ የሚያነሣው ግጭቱን ነው፤ እኔን ግን እጅግ ያደከመኝ በየምሽቱ ያንን ወረቀት መመልከቱ ነበር።

አቅራቢው፦ በምን ተላቀቅሽው?

አቅራቢዋ፦ አሠልጣኜ ስለ እግሬ መጠየቁን ትቶ ስለ ዓይኔ ጠየቀኝ። ስገባ የት እንደምመለከት ልብ ብዬ ሳስተውለው፣ የማየው ግንቡን ሆኖ ተገኘ። መሪ የያዘ እጅ ዓይንን ይከተላል፤ እግርም ዓይን ያየውን ይፈራል። ከዚያ በኋላ ድፍረቴን መለማመድ ትቼ፣ ወደ መታጠፊያው ሳልደርስ መውጫውን መፈለግን ተለማመድሁ። አንድ ማታ ወረቀቱን ስመለከት መስመሩ ቀጥ ብሏል፤ እኔ ግን በየትኛው ዙር እንደቀና እንኳ አልታወቀኝም።

አቅራቢው፦ እንግዲህ በዚህ ልያዝሽ። አንቺ እግርሽን አላነሣም ብለሽ ሳምንታት ታግለሻል፤ ላውዳ ግን አነሣ። ጽናቱ ያንቺ ከሆነ የእርሱ ምን ሊባል ነው?

አቅራቢዋ፦ የእኔ እግር የተነሣው ሳላውቀው ነው፤ እርሱ ያቆመው አውቆ ነው፤ ልዩነቱ ለእኔ የሰማይና የምድር ያህል ነው። እስቲ በዚያው ዓመት ያሳለፈውን አስታውስ። ነሐሴ መግቢያ ላይ በጀርመኑ የኑርቡርግሪንግ መወዳደሪያ በእሳት ተቃጥሎ፣ ሳንባው ተጎድቶ፣ ካህን መጥቶ ጸልዮለታል። ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ ቁስሉ ሳይደርቅ፣ በጣሊያን ሞንዛ ላይ ነድቶ አራተኛ ወጣ። በዚያ ሳምንት ፍርሃት እንደያዘው ኋላ ራሱ በግልጽ ተናግሯል። ፉጂ ላይ ደግሞ የዓይኑ ቆብ በቃጠሎው ስለተጎዳ ዓይኑን እንደልቡ መጨፈን አይችልም ነበር። ቡድኑ ሞተር ተበላሸ ብለን እንናገርልህ ሲለው እንቢ ብሎ፣ የወረድሁት በራሴ ውሳኔ ነው አለ። እኔ ወረቀት ፊቴ ተዘርግቶ አላነሣሁም እያልሁ የተከራከርሁ ሰው ነኝ፤ እርሱ ሰበብ ሲቀርብለት አልቀበልም አለ። ስለዚህ ላውዳን ባነሣሁት ቁጥር ልቤ ይነካል።

አቅራቢው፦ እውነተኛነቱን እቀበላለሁ። ነገር ግን አንድ ነጥብ ነው! ዝናቡም ኋላ ላይ ጋብ ብሎ ሃንት ሦስተኛ ወጥቶ ዋንጫውን ወሰደ። ትንሽ ቢታገሥስ? የፎርሙላ 1 ተወዳዳሪውን ኒኮ ሁልከንበርግን ተመልከቺው፤ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ አንድ ጊዜ እንኳ ሽልማት መድረክ ላይ ሳይወጣ ዓመታት ቆጠረ፤ በ2025 በእንግሊዝ ሲልቨርስቶን ላይ፣ በ239ኛ ውድድሩ፣ በዝናብ፣ ከ19ኛ ተነሥቶ ሦስተኛ ወጣ። እኔ ያን ቀን አልቅሻለሁ። ቢተወው ኖሮ ይህ አይመጣም ነበር።

አቅራቢዋ፦ እኔም አልቅሻለሁ። ሆኖም ሁልከንበርግ አንድም ቀን አላቆመም የሚለው ነገር ትክክል አይደለም፤ ሙሉ የውድድር ዓመት ያለ መቀመጫ ያሳለፈበት ጊዜ አለ። ላውዳም ቢሆን ፉጂ ላይ አላበቃም፤ በቀጣዩ ዓመት ሻምፒዮን ሆነ፤ ከስፖርቱ ወጥቶ ተመልሶም በ1984 ተፎካካሪውን አሌን ፕሮስትን በግማሽ ነጥብ አሸነፈ።

አቅራቢው፦ የግማሽ ነጥቡ ምክንያትም ዝናብ ነው፤ ሞናኮ ላይ ውድድሩ በዝናብ ስለተቋረጠ ለአሸናፊው ለፕሮስት ዘጠኝ ሳይሆን አራት ተኩል ነው የተሰጠው። ይሁን፤ ግማሹን አሳምነሽኛል። ግን አንድ ጥያቄ መልሺልኝ፤ ፉጂ ላይ በላውዳ ቦታ አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?

አቅራቢዋ፦ በዚያን ጊዜ ዕድሜዬ ብትጠይቀኝ ያለ ጥርጥር እስከ መጨረሻው እነዳ ነበር፤ ዓይኔንም ግንቡ ላይ ተክዬ ነበር የምነዳው። ዛሬ ግን ሁለቱን ዙር መጀመሬንም እጠራጠራለሁ።