የጳጉሜ አምስት ፍሬ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ውጭ ዝናብ እየጣለ ነው። ቆርቆሮው ከኔ በላይ ካወራ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ስለ አንድ መድኃኒት ላወራችሁ ነው። ፌኖባርቢታል ይባላል። እኛ ጤና ጣቢያ ያለን ሰዎች "ፌኖ" ነው የምንለው። ለሚጥል በሽታ የሚሰጥ፣ ትንሽ ነጭ ክኒን ነው። ርካሽ ነው፣ አሮጌ ነው፣ ብዙ ሰው ይንቀዋል። እኔም ንቄው ነበር። ዛሬ የማወራው እሱ እንዴት እንዳዋረደኝ ነው።

ለአዲስ አድማጮች፣ እኔ ጤና መኮንን ነኝ። ከቡታጅራ ብዙም በማይርቅ አንድ ጤና ጣቢያ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ታካሚው ሁሉ "ዶክተር" ይለኛል። መጀመሪያ አካባቢ "ኧረ ዶክተር አይደለሁም" እል ነበር። የሚሰማኝ አጣሁ። ተውኩት።

አንድ ሚያዝያ ላይ አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጣች። ልጅቷ 16 ዓመቷ ነው። ግራ እጇን ከነጠላዋ ስር ደብቃለች። ታናሽ ወንድሟም አብሯቸው አለ፣ አስር ዓመት ቢሆነው ነው።

"ዶክተር፣ ይጥላታል" አለች እናትየው።

የኛ ምርመራ ወሬ ነው። የአንጎል ምስል የለም፣ የአንጎል ሞገድ የሚያነብ ማሽን የለም። ያየ ሰው ሲያወራ ትሰማለህ። ስትወድቅ ትጮኻለች? ምላሷን ትነክሳለች? ሽንት ያመልጣታል? ከዚያስ በኋላ ትተኛለች? እናትየው በእጇ እያሳየች ሁሉንም ነገረችኝ። ልጅቷ መሬት መሬት ታያለች። እጇን አሳዪኝ ስላት ነጠላውን ገለጥ አደረገች። ከክንዷ እስከ አንጓዋ የእሳት ጠባሳ ነው። እንጀራ ስትጋግር ነው የወደቀችው።

ወንድምየው በመሀል ከኪሱ አንድ ነገር አወጣና መልሶ ከተተ። ክብሪት ነው። "ታጨሳለህ እንዴ?" አልኩት ለቀልድ። ልጁ አልሳቀም። "ለሷ ነው" አለኝ። የትም ሲሄዱ ክብሪት ይዞ ነው የሚሄደው። ስትወድቅ ጭሮ አፍንጫዋ ስር ይይዝላታል። ታውቁታላችሁ መቼም፣ ሁላችንም ሲደረግ አይተናል። ክብሪቱ ምንም አያደርግም፤ መንቀጥቀጡ አብዛኛውን ጊዜ በሁለትና በሦስት ደቂቃ በራሱ ነው የሚቆመው። ያን ቀን ግን ይህን ለልጁ ልነግረው አፌ እምቢ አለኝ። በጎን አስተኛት፣ ከእሳትና ከድንጋይ አርቃት፣ አፏ ውስጥ ምንም አታስገባ ብዬ ሌላ ሥራ ሰጠሁት።

ከዚያ ፌኖ ጻፍኩ። ባለ 30 ሚሊግራም፣ ማታ ማታ ሁለት ፍሬ።

በአምስተኛው ቀን እናትየው ተመለሰች። "ዶክተር፣ መድኃኒቱ አልሠራም። ትናንት ጣላት።" እኔም ወጣት ነኝ፣ ልቤ ቸኮለ። ጨመርኩላት። ከስድስት ቀን በኋላ ደግሞ መጣች። ደግሜ ጨመርኩ። ወር ሳይሞላ ልጅቷ ክፍል ውስጥ ዴስክ ላይ እየተኛች አስተማሪዋ ወደ ቤት መለሳት። ስትራመድ እንደ ሰከረ ሰው ትንገዳገዳለች። ያን ያደረገው እጄ ነው።

ምን ነበር የሳትኩት? ስሩ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ያለባትን እንስራ አስቡ። ማታ ማታ አንድ ጣሳ ውኃ ትጨምራላችሁ። ውኃው ግን በዝግታ ይንጠባጠባል። በመጀመሪያው ቀን እንስራዋ ባዶ ልትመስል ምንም አይቀራት። በሁለተኛው ሳምንት ግማሽ አልፋለች። የምትገባዋና የምትወጣዋ እኩል ሆነው ውኃው አንድ ቦታ የሚረጋው ሦስት ሳምንት አካባቢ ላይ ነው። ፌኖም እንደዚያ ነው። ደም ውስጥ ካለው ግማሹ እስኪወጣ ድረስ በአዋቂ ሰው በአማካይ አራት ቀን ገደማ ይፈጃል። ባለሙያዎች ግማሽ ዕድሜ ይሉታል። እኔ ትምህርት ቤት ሸምድጄው ነበር፣ ፈተናም ላይ መልሼዋለሁ። እናትየው በአምስተኛው ቀን ስትመጣ ግን ትዝ ያለኝ ቁጥር የለም። ያየሁት የተከፋች እናት ነው። እንስራዋ ገና ሳትሞላ ጣሳውን አሳደግኩት።

መጨረሻ ላይ ቀንሼ፣ ቆይቼ፣ ማታ አንድ ባለ 100 ሚሊግራም ፍሬ ላይ ረጋን። መጣሉ ቆመ። ሰኔ ላይ የትምህርት ቤት ካርዷን አምጥታ አሳየችኝ። ሐምሌ ቢሮዬ ገብታ ያለ ነጠላ ተቀመጠች።

መድኃኒቱ ሲወጣም ያው ነው፣ አይቸኩልም። ይህን ያስተማረኝ ደግሞ አንድ ጎልማሳ ገበሬ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ጥሎት አያውቅም። ከዚያ ጠበል ገባ። አንድ ሱባኤ፣ ሰባት ቀን። መድኃኒቱን ቤቱ ትቶ ሄደ። በሰባቱ ቀን ምንም አልሆነም። እግዚአብሔር ይመስገን ብሎ ድኖ ተመለሰ። አሁን ሒሳቡን ሥሩት። በአራተኛው ቀን ግማሹ አለ። በሰባተኛው ቀን ሲሶው ገደማ ገና ደሙ ውስጥ ነው። ሱባኤው ሲያልቅ እንስራዋ አልደረቀችም። በአስራ አንደኛው ቀን በቃሬዛ አመጡት። አንዱ ሳይለቀው ሌላው እየያዘው፣ ሳይነቃ። መንቀጥቀጡን የሚያቆም ዳያዜፓም በደም ሥሩ ሰጥተን፣ ላብ በላብ ሆነን ነው የተረፈው።

እዚህ ላይ ጠበሉን ልወቅስ አይደለም። እናቴም ጠበል ትጠመቃለች፣ እኔም አብሬያት ሄጄ አውቃለሁ። እኔ ያስቆጨኝ ሌላ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ "መድኃኒትህን እየወሰድክ ነው?" ብዬ ስንት ጊዜ ጠይቄዋለሁ። "ጠበል የምትሄደው መቼ ነው?" ብዬ ግን አንድ ቀን አልጠየቅኩትም። ቢጠየቅ ይነግረኝ ነበር። ክኒኑ በኪሱ አብሮት ይጠመቅ ነበር፣ ምን ችግር አለው?

ስለ መድኃኒቱ ታሪክ ትንሽ ልበል፣ ስለምወደው ነው። በፈረንጆቹ 1912 ባየር የተባለው የጀርመን ኩባንያ ፌኖባርቢታልን ሉሚናል ብሎ ለገበያ አወጣው። የእንቅልፍ መድኃኒት ነበር። በዚያው ዓመት ፍራይቡርግ ከተማ አልፍሬድ ሃውፕትማን የሚባል ወጣት ሐኪም የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች ከተኙበት ክፍል በላይ ይኖር ነበር። ሌሊት ሌሊት ሲወድቁ እየሰማ መተኛት አልቻለም። እነሱ ቢተኙ እኔም እተኛለሁ ብሎ ሉሚናል ሰጣቸው። ተኙ። ግን እንቅልፉ ብቻ አይደለም፣ መውደቁም ቀነሰ። ቀንም ጭምር። መዝገቡን ይዞ ጻፈው። ሃውፕትማን አይሁዳዊ ነበርና በ1938 ናዚዎች ዳሃው ማጎሪያ አስገቡት፤ ተርፎ አሜሪካ ተሰደደ። ከመቶ ዓመት በኋላ ያቺ ታካሚዬ ማታ ማታ የምትውጠው የሱን የእንቅልፍ ማጣት ውጤት ነው።

እኛ አገር ደግሞ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት አሉ። የነርቭ ሕክምና እዚህ አገር ስሙ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ውስጥ ከባልደረቦቻቸው ጋር እዚሁ እኛው ሰፈር፣ መስቃንና ማረቆ ውስጥ ቤት ለቤት ዞሩ። 60,820 ሰው አዩ። የሚጥል በሽታ ከሺህ ሰው አምስት ላይ ገደማ ተገኘ። ከነዚያ ውስጥ በዘመናዊ መድኃኒት ታክመው የሚያውቁት ከመቶ ሁለት እንኳን አይሞሉም ነበር። እኔ ያንን ወረቀት ያነበብኩት ሥራ ከጀመርኩ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ዞረው ካዩዋቸው ቤቶች አንዱ የኔ ታካሚ አያት ቤት ሊሆን ይችላል ብዬ ትንሽ ዝም አልኩ።

ዛሬ ብዙ ተሻሽሏል። ነርሱም ጤና መኮንኑም ሠልጥኖ ያክማል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በትክክል ከታከሙ ከመቶ እስከ ሰባ የሚሆኑት ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። ችግሩ ክኒኑ ሲጠፋ ነው። ፌኖ በፈረንጆቹ 1971 በተፈረመ ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ውስጥ ካሉ መድኃኒቶች አንዱ ነው፤ ስለዚህ ግዢው ወረቀት ይበዛዋል። ሲጠፋ ደግሞ እንደ ፓራሲታሞል "ሳምንት ተመለሱ" የሚባል አይደለም። ሳምንት ምን እንደሚያደርግ ነገርኳችሁ።

ሌላም ባሕርይ አለው። ጉበትን ሥራ ያበዛበታል። ጉበት ሲተጋ ሌሎች መድኃኒቶችን ቶሎ ቶሎ ያስወግዳል። አንድ ቀን አንዲት ባለትዳር ፌኖ ልትወስድ መጣች፣ ክንዷ ላይ አዲስ ፋሻ አየሁ። "ምን ሆነሽ ነው?" "ምንም፣ ኢምፕላኖን አስቀብሬ ነው።" ክንድ ቆዳ ስር የሚቀበር የወሊድ መከላከያ ነው። ጤና ኬላ ሄዳ የጤና ኤክስቴንሽኗ ቀብራላታለች። ጥሩ ሥራ ነው የሠራችው፤ ፌኖ እንደምትወስድ ግን ማን ይንገራት? ፌኖ እያለ የኢምፕላኖን ኃይል ሊቀንስ ይችላል፤ ዴፖ የሚባለውን የወሊድ መከላከያ መርፌ ግን አይነካውም። ተቀምጠን አወራንና ወደ ዴፖ ሄደች። የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱትም ላይ እንደዚሁ መጠንቀቅ አለ፣ በተለይ ዶሉቴግራቪር ላይ። ያን ፋሻ ያየሁት በአጋጣሚ ነው። እጅጌዋ ረጅም ቢሆንስ?

እሺ፣ ወደ ልጅቷ ልመለስ።

ልጅቷ ቀጠሮዋ በየወሩ በ20 ነው። 30 ፍሬ እሰጣታለሁ፣ በ20 ትመጣለች። የኛ ወር ደግሞ 30 ቀን ነው፣ ቁርጥ ያለ ነገር። ግንቦት 20፣ ሰኔ 20፣ ሐምሌ 20፣ ነሐሴ 20። አንድ ቀን አልቀረችም። ቀጥሎ መስከረም 20።

መስከረም 19 ማታ ጣላት። በማግስቱ ጠዋት ለቀጠሮዋ ሲመጡ ግንባሯ ተፈንክቷል። እናትየው እንቅልፍ ያጣች ፊት አላት። መስቀል ገና ማለፉ ነው፤ ጎረቤት የደመራ ጭስ ነው ብሏታል፣ ሌላው ክትፎ ነው ብሏል፣ አክስትየዋ ሜዳ ላይ ለክፏት ነው ብላለች። እኔስ? እኔ ከሁሉም የባስኩ ነበርኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ "መድኃኒቱን አቋርጠሻል!" አልኳት።

"አላቋረጥኩም" አለች።

"አቋርጠሻል እንጂ!"

ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። እናትየው ከመቀነቷ ባዶውን የመድኃኒት ከረጢት ፈትታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። "አንተ የሰጠኸን አለቀ" አለች። "መስከረም 14 ማታ አለቀ። ቀጠሮው 20 ስለሆነ ጠበቅን።"

ካርዱን አየሁ። ነሐሴ 20፣ 30 ፍሬ። በጣቴ ቆጠርኩ። እስከ ነሐሴ 30 አስራ አንድ። ከዚያ... ጳጉሜ። አምስት ቀን። አስራ ስድስት። የቀረው አስራ አራት።

ጳጉሜን አልቆጠርኳትም። ደሞዝ የማይከፈልባት ወር ናት እያልን ስንቀልድባት የኖርን ሰዎች፣ ክኒንም አልሰጠንባትም። አምስት ሌሊት ያለ መድኃኒት። በአራተኛው ግማሽ፣ በአምስተኛው ደግሞ ከግማሽ በታች።

መዝገቡን አውጥቼ የአምናውን መስከረም አየሁ። የካቻምናውንም። ጥናት አይደለም፣ በእርሳስ የቆጠርኩት ነው። መስከረም ላይ "አቋረጠ" ብዬ በራሴ እጅ የጻፍኩባቸው ሰዎች ነበሩ። ስንቱ ላይ እንደጮህኩ አላስታውስም።

እናትየውን ይቅርታ ጠየቅኩ። ልጅቷንም። ልጅቷ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠርጋ "ምንም አይደል" አለችኝ። ግንባሯን ሰፋንላት፣ ሦስት ስፌት።

ከዚያ ወዲህ ነሐሴ ላይ 35 እጽፋለሁ። መድኃኒት ቤት ያለው ልጅ በመጀመሪያው ዓመት ካርዱን ይዞ መጣ። "ተሳስተህ ነው?" "አልተሳሳትኩም።" አሁን ነሐሴ ሲገባ እሱ ራሱ ያስታውሰኛል።

ከጥቂት ዓመት በኋላ፣ ነሐሴ 20፣ እናትየው ለብቻዋ መጣች። ልጅቷ ፈተና ላይ ናት። እንደ ልማዴ 35 ጻፍኩና ካርዱን ሰጠኋት። አላነሳችውም። ማንበብ ባትችልም ቁጥር ታውቃለች።

"ልጄ" አለችኝ፣ "ዘንድሮ ሉቃስ አይደል እንዴ? ጳጉሜ ስድስት ናት። አንዷን ጨምርበት።"