ፊልሙን አቁሙትና ንገሯቸው

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ውድ ወጣቶች፣ እንደምን አመሻችሁ።

እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ለምንኖር የአማርኛ ተማሪዎች ወላጆች ቤት ውስጥ ስለሚታዩ ፊልሞች እንድናገር ስትጋብዙኝ፣ አንዲት እናት ያለችኝ ትዝ አለኝ። «እኔ በቴሌቪዥኑ፣ ልጄ በስልኩ፤ አንድ ሳሎን ተቀምጠን ሁለት አገር እንኖራለን» ነበር ያለችኝ። ዛሬ የምመርጥላችሁ ሁለታችሁንም አንድ ስክሪን ፊት የሚያስቀምጡ ፊልሞችን ነው። አደራ የምላችሁ ነገር ቢኖር ፊልሙን በየመሃሉ እንድታቆሙት ነው። ሲኒማ ቤት ማውራት ነውር ነው፤ በገዛ ሳሎናችሁ ግን የሚከለክላችሁ የለም። ልጁ የማያውቀው፣ እናንተ የምታውቁት ነገር ሲመጣ አቁሙትና ንገሩት።

ትንንሽ ልጆች ያሏችሁ በያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ጀምሩ። እ.ኤ.አ. በ2015 ለፈረንሳዩ የካን ፊልም ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ የበቃ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ኤፍሬም እናቱ ሞታበት፣ አባቱም ዘመድ ቤት ትቶት ሥራ ፍለጋ የሄደበት ልጅ ነው። የቀረችው ቹኒ የምትባል በጉ ናት፤ አጎቱ ደግሞ ለበዓል ሊያርዳት ያስባል። ኤፍሬም ምግብ ማብሰል ይወዳል፣ ሳምቡሳ ሠርቶ ይሸጣል፤ አጎቱ ግን የሴት ሥራ ነው ብሎ ይቆጣል። እዚያ ላይ አቁሙት። ልጆቻችሁ ብዙ የሚሉት ይኖራቸዋል፤ ሳትቆጡ ስሟቸው።

ልጆቻችሁ አሥራ አምስት ዓመት ካለፋቸው የዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪን «ድፍረት» አብራችኋቸው እዩ። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካው የሰንዳንስ ፊልም ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት ወስዷል። ተጠልፋ ጠላፊዋን የገደለች የአሥራ አራት ዓመት ልጅና የጠበቃዋ የመዓዛ አሸናፊ ታሪክ ነው፤ መነሻውም እውነተኛ የፍርድ ጉዳይ ነው። ከርዕሱ ጀምራችሁ አስተምሯቸው። ድፍረት ጀግንነት ነው፤ ድፍረት በሴት ልጅ ላይ የሚፈጸመው ግፍም ነው። ይህን ሁለትነት የትርጉም ጽሑፉ አያሳያቸውም፤ የምታሳዩአቸው እናንተ ናችሁ።

የሞገስ ታፈሰ «ቁራኛዬ»ም እንዲሁ በቃላት የበለጸገ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ አንድ ላይ ታስረው ዳኛ ፊት የሚሄዱበትን የጥንት ሥርዓት ያሳያል። «በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ» ስንል ከየት እንደመጣ ልጆቹ በዓይናቸው ያዩታል።

የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ለደከማችሁበት ምሽት አልመክርም። እ.ኤ.አ. በ1974 በሁለት ሳምንት የተቀረጸ፣ በጥቁርና ነጭ የተሠራ፣ ዝግ ብሎ የሚሄድ ፊልም ነው። ትዕግሥት ያለው ሰው ግን ገበሬውንና ባላባቱን እንዲያ አድርጎ ያሳየ ሌላ ፊልም በቀላሉ አያገኝም። የትኛውንም ስትፈልጉ ገንዘብ ከፍላችሁ እዩ፤ የተሰረቀ ቅጂ አትክፈቱ። ባለሙያዎቻችን ቀጣዩን ፊልም የሚሠሩት በዚያ ገንዘብ ነው።

የመጨረሻውን ለአባቶች አቆይቼዋለሁ፤ የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ»። እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ ፊልም ፌስቲቫል ልዩ የዳኞች ሽልማት፣ በማግሥቱ ዓመት ፌስፓኮ በሚባለው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ዋናውን ሽልማት አግኝቷል። አንበርብር ጀርመን አገር ሕክምና የተማረ፣ ለአገሩ ብዙ ያለመ ሰው ነው። በመጨረሻ አንድ እግሩን አጥቶ፣ ትዝታው ተቆራርጦበት እናቱ መንደር ይመለሳል። ጭካኔ ስላለበት ለሕፃናት አይሆንም።

ይህን ፊልም ከአጎቴ ጋር አይቼዋለሁ። ስለ ደርግ ዘመን ስንጠይቀው ሁልጊዜ «ያለፈ ነገር ነው» ብሎ የሚያልፈን ሰው ነው። ቀይ ሽብሩ ሲታይ ዝም ብሎ ተቀመጠ። የመንደሩ ልጆች ከአፈሳ ሸሽተው ዋሻ ውስጥ ሲደበቁ ግን እጁን አነሳና «አቁሚው» አለኝ። አቆምኩት። «እኛ ዋሻ አልነበረንም» አለ፤ «ወንድሜን ጣሪያና ኮርኒስ መካከል ነበር የደበቅነው። እናቴ ሳሉ እንዳይሰማ ከሥሩ ሆና ቡና ትወቅጥ ነበር።»

አብረውን ያዩ የነበሩት ልጆች ስልካቸውን አስቀመጡ። እስከ እኩለ ሌሊት አወራን። ፊልሙን በዚያ ምሽት አልጨረስነውም።

አመሰግናለሁ።