ቡርኪት ሊምፎማ በልጆች ላይ፦ ከኬሞ በፊት ውሃ

[ምስል፦ የሆድ አልትራሳውንድ]

የአንድ ሕፃን ሆድ በቀናት ውስጥ አብጦ በእጅ የሚዳሰስ ጠጣር ነገር ከተገኘ፣ ቡርኪት ሊምፎማ ሳይታሰብ መታለፍ የለበትም። የዚህ ካንሰር ቢ ሴሎች (ከነጭ የደም ሴሎች አንዱ ዓይነት) ቁጥራቸውን ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ እጥፍ ያደርጋሉ። መነሻው ክሮሞዞም 8 ላይ ያለው ማይክ የተባለ ጂን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ክሮሞዞም 14 ላይ ሄዶ ይለጠፍና ያለ ልጓም መሥራት ይጀምራል።

እ.ኤ.አ. በ1958 የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ዴኒስ ቡርኪት ከኡጋንዳ የዘገበው መንጋጋ የሚያሳብጠውንና ጥርስ የሚያነቃንቀውን ዓይነት ነበር። በሌላው ዓለም በብዛት የሚነሳው ከሆድ ነው።

ከዕጢው ናሙና ሳይወሰድ ፕሬድኒሶሎን (የስቴሮይድ መድኃኒት) አይጀመር። ምርመራውን ያበላሻል፤ ከዚያ የባሰው ግን ዕጢውን ያለ ዝግጅት ማፍረሱ ነው። ሴሎቹ በጅምላ ሲፈርሱ ፖታሲየም፣ ፎስፌትና ዩሪክ አሲድ ደም ውስጥ ይፈስሳሉ። ፖታሲየሙ ልብን ያቆማል፣ የቀሩት ኩላሊትን ይደፍናሉ።

[ምስል፦ የግሉኮስ ከረጢትና የሽንት መለኪያ]

ስለዚህ ውሃ ይቀድማል፦ በቀን 3 ሊትር በካሬ ሜትር። የሰውነቱ ስፋት 0.8 ካሬ ሜትር ለሆነ ልጅ 2.4 ሊትር፣ ማለትም በሰዓት 100 ሚሊ ሊትር ነው። ሽንቱ በሰዓት ወደ 80 ሚሊ ሊትር መድረስ አለበት። ከረጢቱ ውስጥ ፖታሲየም አይጨመር። ባይካርቦኔትም ይቅር፤ ካልሲየም ፎስፌት ኩላሊት ውስጥ እንዲረጋ ያደርጋል።

አሎፑሪኖል የተባለው መድኃኒት አዲስ ዩሪክ አሲድ እንዳይፈጠር ይከላከላል እንጂ ያለውን አያጠፋም። ያለውን የሚያጠፋው ራስቡሪኬዝ ነው፤ የጂ-6-ፒ-ዲ (ቀይ የደም ሴሎችን የሚጠብቅ ኢንዛይም) እጥረት ላለበት ልጅ ግን ቀይ የደም ሴሎቹን ስለሚያፈርስ አይሰጥም። ከራስቡሪኬዝ በኋላ ለዩሪክ አሲድ የሚቀዳ ደም ወዲያው በረዶ ላይ ይቀመጥ። አለበለዚያ መድኃኒቱ ቱቦው ውስጥ ሥራውን ይቀጥልና ውጤቱ በሐሰት ዝቅ ብሎ ይመጣል። ይህች ትንሽ ነገር ብዙ ጊዜ ትዘነጋለች።

በሽታው ሰፊ ከሆነ ኬሞው በለስላሳው ዙር ይጀመራል፦ በካሬ ሜትር ሳይክሎፎስፋማይድ 300 ሚሊ ግራም፣ ቪንክሪስቲን 1 ሚሊ ግራም፣ ፕሬድኒሶሎን በየቀኑ 60 ሚሊ ግራም። ሜቶትሬክሴት የተባለው የኬሞ መድኃኒት በጀርባ በኩል ወደ አከርካሪ ፈሳሽ ይገባል። በነዚህ ቀናት ኤሌክትሮላይት (እንደ ፖታሲየምና ፎስፌት ያሉ የደም ጨዎች) በየ6 ሰዓቱ ይታይ፤ አንድ ዙር መዝለል አደገኛ ነው።

በ7ኛው ቀን ዕጢው እንደገና ይለካል። ቢያንስ 20 በመቶ ካልቀነሰ ልጁ ወደ ጠንካራው የሕክምና ምድብ ይዛወራል።