ስሙን የተዋስነው ዋልያ

ክቡራትና ክቡራን፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ እንደምን አመሻችሁ።

በዚህ ብርድ፣ ቅዳሜ ማታ፣ ልጅ የሚይዝላችሁ ሰው ፈልጋችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም የማታ ፈረቃ ተቀያይራችሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ምግቡን ያዘጋጁልንን እናቶች ደግሞ ለብቻ አመሰግናለሁ። ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ኩሽና ውስጥ ነበሩ።

የመጣሁት ስለ ዋልያ ላወራችሁ፣ ለሚጠብቁትም ሰዎች እንድታዋጡ ልጠይቃችሁ ነው። ስሙን የማያውቅ የለም። ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ ይባላል። በ2013 ደቡብ አፍሪካ ላይ፣ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ሲመለስ እንዴት እንደሆንን ታስታውሳላችሁ። ዓመቶቹን የምጠራው እዚህ በለመድነው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ቢራ በስሙ ተጠምቋል። ሆቴሉም ሱቁም በስሙ ተጠርቷል። እኛ ኢትዮጵያውያን ስንኮራ ስሙን እንጠራለን።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ዋልያን በዓይኑ ያየ ሰው እጁን ያውጣ።

ብዙ እጅ እንደማይወጣ አውቃለሁ። ወቀሳ አይደለም። እኔ እንኳ ደባርቅ ተወልጄ፣ የስሜን ተራሮች ፓርክ አፍንጫዬ ሥር ሆኖ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በአስራ አንድ ዓመቴ ነው። አባቴ የፓርኩ ስካውት ነበር። እኛ አገር የፓርክ ጠባቂውን ስካውት ነው የምንለው። አንድ ቀን ይዞኝ ጨነቅ ወጣ፤ ፓርኩ ውስጥ ያለ ማደሪያ ቦታ ነው። ሌሊቱን ውርጭ ስለነበር እግሬን አላውቀውም፤ አባቴ ጋቢው ውስጥ አድርጎኝ አደረ። ጎህ ሲቀድ ገደሉ አፋፍ ላይ ወሰደኝና "ዝም በል፣ ወደ ታች እይ" አለኝ።

አንድ ትልቅ ወንድ ዋልያ ነበር። እኔ በደረቴ ተኝቼ ሳየው እንኳ የሚያዞረኝ ገደል ላይ፣ እሱ የእጅ መዳፍ በማታክል ድንጋይ አራት እግሩን ሰብስቦ ቆሟል። ቀንዱ ወደ ኋላ ታጥፎ ጀርባውን ሊነካ ምንም አልቀረው። ጺሙን ንፋስ ያወዛውዘዋል። ፀሐይ ስትመታው ቆዳው እንደ ደረቅ የጓሳ ሣር ይመስላል። አባቴ ከዚያ በፊት ስንት መቶ ጊዜ እንዳየው እግዜር ይወቅ፤ ግን ያኔም ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ነበር የሚያየው። እንስሳውን ሳይሆን አባቴን ነው ዛሬም የማስታውሰው።

ዋልያ በዱር የሚኖረው ስሜን ተራሮች ላይ ብቻ ነው። ሌላ ክፍለ ሀገር የለም፣ ሌላ አገር የለም። ዝሆን ከአንድ ቦታ ቢጠፋ ሌላ ቦታ ይገኛል። ዋልያ ከስሜን ከጠፋ ጠፋ ነው። ደግሞ ቶሎ የሚራባ እንስሳ አይደለም። ሴቷ አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው አንድ ግልገል ነው። ያንን ግልገል ብርድ አለበት፣ ገደል አለበት፣ ነብር አለበት። አንዲት እናት በጥይት ስትወድቅ ቦታዋን የሚሞላ እስኪገኝ ዓመታት ይሄዳሉ።

ጥይት ያልኩት በምክንያት ነው። ዋልያን ያስጨረሰው ጠብመንጃ ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ መሣሪያ በየቤቱ ሲገባ፣ ጦር ወርውሮ የማይደርስበትን ገደል ጥይት ደረሰበት። ሥጋው ይበላል፣ ቆዳው ይነጠፋል፣ ቀንዱ የጠላና የጠጅ መጠጫ ዋንጫ ይሆናል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሕይወት የቀሩት 200 እንደማይሞሉ ነበር የተገመተው። ፓርኩ የተቋቋመው በዚያ ድንጋጤ ነው፤ በ1969 በሕግ ጸደቀ። በ1978 ደግሞ ዓለም ቅርስ ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ አስራ ሁለት ቦታዎችን ሲመዘግብ፣ ከላሊበላ ጋር ስሜን አንዱ ነበር። የዚህ አገር፣ የአሜሪካው የሎውስቶን ፓርክም እዚያው ዝርዝር ላይ ነው ያለው። ልጆቻችሁን የሎውስቶን የምታስጎበኙ ሰዎች ይህን ንገሯቸው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ መውደቅና መነሳት ነው። ደርግ ሲወድቅ በነበረው ግርግር ዋልያው እንደገና ተመታ። በ1996 ስሜን አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። ሃያ ዓመት በላይ እዚያ ቆየ። በ2017 ወጣ። የወጣው በወረቀት አይደለም። የዋልያና የጭላዳ ዝንጀሮ ቁጥር ስለተረጋጋ፣ ግጦሹም ጋብ ስላለ ነው። ያንን ያደረጉት ደግሞ በየገደሉ የሚያድሩ ሰዎች ናቸው፤ መሬታቸውንና ግጦሻቸውን የለቀቁ ገበሬዎችም ናቸው። ፓርኩ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ሰዎች የአያት ቅድመ አያት ቤታቸውን ትተው ደባርቅ ገብተዋል። ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ስለ ዋልያ ስናወራ የእነሱን ዋጋ መርሳት ነውር ነው።

አሁን አንድ የቤቴን ነገር ልንገራችሁ። ለመናገር ብዙ አስቤበታለሁ።

አንድ ክረምት አባቴና ጓደኛው ጉም ውስጥ ተኩስ ሰሙ። ተከትለው ሄደው ዋልያ የጣለ ሰው ያዙ። ቀና ሲል ሰውዬው ጎረቤታችን ነው። ከልጆቹ ጋር አብሬ በግ የጠበቅኩ ነኝ። "አያ፣ በልጆቼ ይሁንብህ፣ ቤት ውስጥ እህል የለም" አለው። አባቴ ይዞት ወረደ። ሰውዬው ተፈረደበት፤ ታሰረ። እኛ ደግሞ ከመንደሩ ተገለልን። ለቅሶ ላይ ሰላም የማይለን ሰው በዛ። እናቴ ወፍጮ ቤት ስትሄድ ተራዋን የሚነጥቃት አለ።

አባቴ በዚያው ሳምንት ከጎተራችን አንድ ቁና ገብስ አስለካና በእኔ አሸክሞ ወደዚያ ቤት ላከኝ። እናቴ "ያሰርከው አንተ፣ የምትቀልበው አንተ" ብላ ተቆጣች። አባቴ "ያሰረው ሕግ ነው፤ ልጆቹ ምን አደረጉ?" አላት። ሰውዬው እስኪፈታ ድረስ ገብሱ አልተቋረጠም። ጎተራችን ውስጥ ግን የተረፈ እህል አልነበረም፤ ከእኛ አፍ ነው የሄደው።

ስለ ሕገ ወጥ አደን ስናገር ሁሌ ያ ገብስ ጀርባዬ ላይ ይሰማኛል። ሕጉ መከበር አለበት። የዱር እንስሳት አዋጅ አለ። ግን ስሜን ላይ የሚያድነው ሰው ብዙ ጊዜ ከሩቅ የመጣ ነጋዴ አይደለም። የተቸገረ ጎረቤት ነው። ስለዚህ ስካውቱን ብቻ ረድተን ጎረቤቱን ከረሳን ሥራው ግማሽ ነው።

"ሰው እየሞተ ስለ እንስሳ ታወራለህ?" ያሉኝ አሉ። እዚህ አዳራሽ ውስጥም ይህን የሚያስብ ይኖራል፤ አልቀየምም። ከ2020 ወዲህ ሰሜኑ ያየውን እናውቃለን። ሁላችንም ስልክ አንስተን መልስ ያጣንበት ሌሊት አለ። ለተፈናቀለ ወገን የምትልኩትን አትቀንሱ። ከዚያ ላይ ቆርሳችሁ ስጡን አልልም። ከተረፋችሁ ላይ ነው የምጠይቀው።

ግን ደባርቅ ምን ትበላ እንደነበር ላስረዳችሁ። አንድ ቱሪስት ስሜን ሲወጣ አስጎብኚ ይቀጥራል፣ ስካውት ይቀጥራል፣ በቅሎና ባለ በቅሎ ይቀጥራል፣ ምግብ አብሳይ ይቀጥራል። ዶሮው፣ እንቁላሉ፣ ድንቹ ከመንደር ይገዛል። መጀመሪያ ኮሮና መጣ፣ ቀጥሎ ጦርነት፣ ከዚያ ሌላ ግጭት። እንግዳው ቀረ። ባለ በቅሎው በቅሎውን ሸጠ። ጠብመንጃው ግን አልተሸጠም። የተራበ ሰው፣ መሣሪያ፣ ጠባቂ የሌለው ገደል፤ እነዚህ ሦስቱ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ለእናንተ አይነገርም። በ2017 ያስደሰተን የዋልያ ቁጥር እንደገና አሽቆልቁሏል።

ሰላም ሲወርድ እንግዳው ይመለሳል። ሲመለስ ዋልያውን ካላገኘ የሚመጣው ለምንድን ነው? ገደል በየአገሩ አለ።

በ2019 ስሜን ሲቃጠል ያየነውን አስታውሱ። ጓሳው፣ አስታ የሚባለው የደጋ ዛፍ ተቃጠለ። ገበሬው፣ ተማሪው፣ ቄሱ ሳይቀር ቅጠል ቆርጦ እሳት ሲመታ ነበር። ከኬንያ ሄሊኮፕተር መጣ፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ። እኛ እዚህ ፌስቡክ ላይ ፎቶውን እየተቀባበልን አለቀስን። ማልቀሳችን እውነት ነበር፤ ግን እሳቱ ሲጠፋ እኛም አብረን ጠፋን። ይህን የምለው ራሴንም ጨምሬ ነው።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ።

ኮሚቴያችን የሚጠይቃችሁ ትልቅ ቼክ አይደለም። እድር ነው የምንፈልገው። ሁላችሁም እድር ታውቃላችሁ። በወር ትንሽ ነገር ነው፤ ግን አይቋረጥም። የእንዲህ ዓይነት ምሽት ገንዘብ ክፉ ጎን ዛሬ ሞቅ ብሎ ነገ መቅረቱ ነው። ስካውቱ ደግሞ ብርዱ በየሌሊቱ ነው። በወር 10 ዶላር፣ የሚችል 20፣ 200 ቤተሰብ ካገኘን ዓመቱን ሙሉ የምንሠራው ነገር ይኖረናል።

ምን እንገዛበታለን? መጀመሪያ ቦት ጫማ። አባቴ ዕድሜውን በሙሉ ያንን ድንጋይ በላስቲክ ጫማ ነው የወጣው፤ ዛሬ ጉልበቱ አይታጠፍም። ቀጥሎ የዝናብ ልብስ፣ ወፍራም የመኝታ ከረጢት፣ ድንኳን፣ በፀሐይ የሚሞላ የእጅ ባትሪ። ከዚያ ስንቅ። አንድ ስካውት ስንቁ ሁለት ቀን ከሆነ የሚጠብቀው ሁለት ቀን የሚያስኬደውን ገደል ብቻ ነው፤ አዳኙም ይህን ቆጥሮ ያውቃል። አምስት ቀን የሚያቆይ በሶ፣ ቆሎ፣ ሩዝና ዘይት ከያዘ ግን ማንም ወደማይደርስበት ይወርዳል። የመገናኛ ሬዲዮና የርቀት መነጽር ለማስገባት ፈቃድ ስለሚያስፈልግ በዚህ ዙር አላስገባናቸውም። ወረቀቱ ሲያልቅ እንነግራችኋለን።

ከሚሰበሰበው ሲሶው ወደ ጎረቤቱ ይሄዳል። ፓርኩን ተጠግተው ለሚኖሩ ቤቶች እንጨት ቆጣቢ ምድጃ እንሰጣለን፣ አስታው ለማገዶ እንዳይጨፈጨፍ። ችግር ለጸናበት ዓመት የዘር ገብስ እንገዛለን። ትንሽ መጠባበቂያም እንይዛለን፤ ሥራ ላይ ጉዳት ለሚደርስበት ስካውት ቤተሰብ።

ለመሣሪያና ለጥይት አንድ ሳንቲም አናወጣም። ይህን ጮክ ብዬ መናገር እፈልጋለሁ። የአንድ ወገን ወይም የሌላ ገንዘብም አይደለም።

ሌላም የሚያሳስባችሁን አውቃለሁ። ከዓመታት በፊት ለአንድ ጥሩ ዓላማ አዋጥተን፣ ገንዘቡ የት እንደገባ ሳይነገረን ቀርተናል። እኔም አዋጥቼ ነበር፤ እስከ ዛሬ ያመኛል። ስለዚህ በየሦስት ወሩ ደረሰኙ በሙሉ፣ ከጫማው እስከ ዘይቱ፣ ለእያንዳንዱ አባል ይላካል። ዕቃው ሲደርስ የተቀበለው ሰው ይፈርማል። ሒሳቡን የሚያዩት ሦስት ሰዎች ከኮሚቴው ውጭ ናቸው፤ ሁለቱ ዛሬ እዚህ አሉ፣ በቡና ሰዓት ቅረቡና ጠይቋቸው። ጠንከር ያለ ጥያቄ ጠይቋቸው።

ባለፈው ሳምንት አባቴን ደውዬ ይህን ምሽት ነገርኩት። አርጅቷል፤ ጆሮውም ደከም ብሏል። ስለ ጫማው ስነግረው ዝም አለ። ቆይቶ "ቁጥሩን በትልቁ ግዙ" አለኝ። "ለምን?" አልኩት። "በብርድ ጊዜ ሁለት ካልሲ ነው የሚደረበው" አለ።

ቅጹ በየጠረጴዛችሁ ላይ ነው፤ እስክሪብቶም አለ። ስም፣ ስልክ፣ የወር መጠን፤ ሌላ የሚሞላ የለም። የመጀመሪያውን ቅጽ እኔ ዛሬ ጠዋት በአባቴ ስም ሞልቻለሁ። ልጆች እየዞሩ ይሰበስባሉ። ቡናውም ሁለተኛው ላይ ደርሷል፣ ተነሡና እየጠጣችሁ ሙሉ። አመሰግናለሁ።