ጎንደርና ጎንዶር፦ ንጉሡ ከተመለሰ በኋላ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፤ ማይኩና እኔ ብቻ ነን። ከታላቅ ወንድሜ ጋር ሃያ ዓመት የተከራከርንበትን ነገር ይዤላችሁ መጥቻለሁ። የክርክሩ መነሻ አንዲት ፊደል ናት። በነገራችን ላይ፣ ዓመተ ምሕረት ብዬ ካልጠራሁ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ተወልጄ ያደግሁት ጎንደር ነው። ከጃንተከል ዋርካ ወረድ ብሎ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር። አግዳሚ ወንበሮች፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ የተጋረደ፣ ከፊት አንዲት ቴሌቪዥን። 1997 ዓ.ም. ላይ ይመስለኛል፣ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ የሚባል ፊልም ገባ ተባለ፤ ሦስቱም ክፍል፣ በሦስት ተከታታይ ቅዳሜ። እንግሊዝኛው ለብዙዎቻችን ስለሚከብድ ከፊት የተቀመጠ አንድ ልጅ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይተረጉምልናል። ያልገባው ቦታ ሲደርስ ከራሱ ይጨምርበታል፤ እኛም አምነን እንቀበላለን።

በመጀመሪያው ክፍል፣ ዓለምን የመግዛት ኃይል ያለውን ክፉውን ቀለበት ምን እናድርገው ብለው ሸንጎ የሚቀመጡበት ቦታ አለ። ቦሮሚር የሚባለው ጦረኛ ይነሣና ስለ አገሩ ይናገራል። የአገሩን ስም፣ ጎንዶር ብሎ፣ ሲጠራ ቤቱ ጭጭ አለ። ከዚያ ከኋላ አንድ ሰው "ጎንደር ነው ያለው?" ብሎ ጠየቀ። ተርጓሚው ልጅ ዞር ብሎ፣ አንዳች ሳይጠራጠር፣ "አዎ፣ የጎንደር ልጅ ነው" አለ።

ያን ቀን የነበረውን ጩኸት ልነግራችሁ አልችልም። ቦሮሚር በቀስት ተወግቶ ሲወድቅ ደግሞ ያለቀሱ ሰዎች ነበሩ። የእኛ ሰው ነዋ የሞተው።

ወንድሜ ያን ዕለት ማታ ቤት እንደገባን በታሪኩ ደራሲ ላይ ፍርዱን ሰጠ፦ "ስሙን ከእኛ ነው የወሰደው።" እስከ ዛሬም አልተመለሰም።

ማስረጃ የለውም እንዳትሉ፤ እንዲያውም እያደገ ሲሄድ ማስረጃው እየበዛ መጣ። ደራሲው እንግሊዛዊው ቶልኪን ፊልሙ የተሠራበትን መጽሐፍ መጻፍ የጀመረው በ1937 መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት ጣሊያን አገራችንን ወርሮ የኢትዮጵያ ከተሞች ስም በእንግሊዝ ጋዜጦች ላይ ሲመላለስ ነበር። ጎንደር በ1936 ተያዘች። መጽሐፉ ገና ሳያልቅ፣ በ1941 ኅዳር ላይ፣ በምሥራቅ አፍሪካ የጣሊያን ጦር የመጨረሻው ትልቅ ምሽግ እጁን የሰጠው እዚያው ጎንደር ላይ ነው። "ኦክስፎርድ ቁጭ ብሎ ቃላት የሚለቅም ሰው ይህን ስም አልሰማም ልትለኝ ነው?" ይለኛል ወንድሜ።

ደግሞ ነገሩን ወደ ኋላ ይስበዋል። ፈረንጅ ስለ እኛ ሲያልም የኖረ ነው ይላል፣ እዚህ ላይ እውነት አለው። ለዘመናት ካህኑ ንጉሥ ዮሐንስ የሚሉትን ባለ ብዙ ሀብት ንጉሥ በኢትዮጵያ ሲፈልጉ ኖረዋል። ሳሙኤል ጆንሰን በ1735 የኢየሱሳዊውን የሎቦን የጉዞ መጽሐፍ ተረጎመ፤ በ1759 ደግሞ የኢትዮጵያን ልዑል ራሴላስን ገጸ ባሕርይ አድርጎ ልብ ወለድ ጻፈ። ልዑላን በአምባ ላይ ይጠበቁ የነበሩበትን ነገር ወስዶ የደስታ ሸለቆ አደረገው። ስለዚህ ወንድሜ ሲናደድ ከሜዳ ተነሥቶ አይደለም። አገርህ የሌላ ሰው ተረት ማሳመሪያ ስትሆን የሚሰማህ ነገር አለ። እኔም ይሰማኛል።

የእኔ ክርክር የመጣው በኋላ ነው፣ መጽሐፉን በእንግሊዝኛ ካነበብኩ በኋላ። አንድ አንባቢ በ1971 ይህንኑ የእኛን ጥያቄ ለቶልኪን በደብዳቤ ጽፎለት ነበር፤ ጎንዶር ከኢትዮጵያዋ ጎንደር የመጣ ነው ወይ ብሎ። ይህን ሳነብ እንዴት እንደ ደስ አለኝ! ያ የቪዲዮ ቤት ጥያቄ ከእኛ በፊት ደራሲው ዘንድ ደርሷል። ቶልኪንም ስሙ የመጣው ድንጋይ ከሚል ቃል እንደሆነ አስረዳ። እሱ ኤልፍ ለሚባሉት የተረቱ ሕዝቦች በፈጠራቸው ቋንቋዎች ኦንዶ ወይም ጎንድ ማለት ድንጋይ ነው፤ ጎንዶር የድንጋይ አገር ማለት ነው። ልጁ ክሪስቶፈር ከ1983 እስከ 1996 በ12 ቅጽ ያሳተማቸውን የአባቱን ሥራዎችና ረቂቆች ስታዩ ደግሞ የአገሩ ስም መጀመሪያ ኦንድ ነበር፣ ከዚያ ኦንዶር ሆነ፣ ጎንዶር የመጣው በመጨረሻ ነው።

ይህን ለወንድሜ በስልክ ነገርኩት። አሁን ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው፣ አሌክሳንድሪያ። ትንሽ ዝም አለና "እሺ፣ ታዲያ ጎ ከየት መጣች?" አለኝ።

ፊደሏ እሷ ናት እንግዲህ።

እኔ መልሱ በቋንቋው ውስጥ አለ እላለሁ፤ በአንደኛው የኤልፎች ቋንቋ ኦንዶ የነበረው በሌላው ጎንድ ይሆናል፣ ሕግ አለው። እሱ ደግሞ ሕጉንም የሠራው ያው ሰውዬ ነው ይላል። እኔን ከክርክሩ ይልቅ የሚይዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። የድንጋይ አገር! ዐፄ ፋሲል በ1636 ከተማዋን ሲቆረቁር፣ ድንኳን ነቅሎ ድንኳን ሲተክል የኖረው ቤተ መንግሥት ድንጋይ ላይ ድንጋይ ተጭኖ እንዲቆም አደረገ። እኛ ከትምህርት ቤት ስንመለስ የምንደገፈው ግንብ ነው ይህ። ደራሲው ስለዚህ አንዳች ሳያስብ ጎንዶርን የድንጋይ አገር ብሎ ጠራት። መስረቅ ቢሆን ይህን ያህል አይገርመኝም ነበር።

ሌሎቹን ክርክሮቻችንን ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው። የቦሮሚር ወንድም ፋራሚር በመጽሐፉ ቀለበቱን እጁ ላይ ሲመጣለት ይተወዋል፤ ፊልሙ ግን ቀለበቱን የተሸከመውን ፍሮዶን አስሮ እስከ ኦስጊሊያት፣ እስከ ፈረሰችው የጎንዶር ከተማ፣ ያስኬደዋል። ይህን ለፊልሙ ዳይሬክተር ለፒተር ጃክሰን ይቅር አልልም፤ ደግ ሰው ደግ መሆኑ ብቻ ለፊልም አይበቃም ብሎ ማሰብ ልክ አይደለም። በተራራ ላይ በሚለኮሱት እሳቶች ግን ከፊልሙ ጋር ነኝ። እሳቶቹ ጎንዶር እርዳታ ስትፈልግ የሚለኮሱ ምልክቶች ናቸው። በመጽሐፉ አስማተኛው ጋንዳልፍና የፍሮዶ ጓደኛ ፒፒን በፈረስ ሲጋልቡ በሩቅ ይታያሉ፣ የወዳጅ አገሯን የሮሃንን ሰዎች የሚጠራው ደግሞ ቀይ ቀስት የያዘ መልእክተኛ ነው። ፊልሙ ቀስቱን ጥሎ እሳቱን ከተራራ ወደ ተራራ አሻገረው። ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ አንድ ሽማግሌ "ክተት ሠራዊት!" ብለው ከወንበራቸው ሲነሡ አይቻለሁ።

ቀለበቱ እሳት ውስጥ ከጠፋ በኋላ መጥተው ፍሮዶን የሚያድኑት ንስሮችስ ለምን ከመጀመሪያው ቀለበቱን ተሸክመው አልበረሩም? የመጽሐፉ አፍቃሪዎች ባሉበት ሁሉ ይህ ጥያቄ ይነሣል። እኔ ስሰማው አያቴ ትዝ ትለኛለች። ድርቡሾች በ1888 የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥሉ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ንብ ወጥቶ አዳናት ይባላል። ልጅ ሆኜ "ታዲያ ንቡ ሌሎቹን ለምን አላዳነም?" ብዬ ጠየቅኋት። "ንብ የሚሄደው እንደተላከ ነው ልጄ" አለችኝ። ለንስሮቹ ከዚህ የተሻለ መልስ እስካሁን አልሰማሁም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

በጎንዶር ንጉሥ የለም። የንጉሡ ዘር ከጠፋ 969 ዓመት ሆኖታል። በዚህ ሁሉ ዘመን አገሩን የሚያስተዳድሩት፣ በእንግሊዝኛው ስቲዋርድ ይላቸዋል፣ በእኛ እንደራሴ ናቸው። 26ኛው የቦሮሚርና የፋራሚር አባት ዴነቶር ነው። ዙፋኑ ላይ አይቀመጥም፤ ከዙፋኑ ሥር፣ ከደረጃው ግርጌ ባለ ጥቁር የድንጋይ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው። ፋራሚር ለፍሮዶ የሚያጫውተው ታሪክ አለ፤ ቦሮሚር ልጅ ሳለ አባቱን ንጉሡ ካልመጣ እንደራሴ ንጉሥ የሚሆነው ከስንት መቶ ዓመት በኋላ ነው ብሎ ይጠይቃል። አባትየው ሌላ ቦታ ጥቂት ዓመት ይበቃ ይሆናል፣ በጎንዶር ግን ዐሥር ሺህ ዓመትም አይበቃም ይለዋል።

ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ተነሣሁ። ዘመነ መሳፍንት ነዋ! ከ1769 እስከ 1855፣ 86 ዓመት፣ ጎንደር ላይ ንጉሥ ነበረ፣ ሥልጣን ግን አልነበረውም። ጉልበቱ የራሶቹ ነበር። የየጁዎቹ ራሶች ሠራዊት ነበራቸው፣ አገር ነበራቸው፤ ዘውዱን ግን በራሳቸው ላይ አልደፉም፣ የሰሎሞን ዘር ነው የሚያነግሡት። አንግሠው ያወርዳሉ፣ አውርደው ያነግሣሉ። ፍጻሜ መንግሥት የተባሉትን ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን ስንት ጊዜ አውጥተው ስንት ጊዜ አወረዷቸው! የጎንዶር ዙፋን ባዶ ነበር፤ የእኛው ሰው ተቀምጦበትም ባዶ ነበር።

ሰውም እንደ ጎንዶር ሰው ንጉሥ ይጠብቃል። በፍካሬ ኢየሱስ ላይ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ይመጣል፣ አገሩን ያቀናል ተብሎ ተጽፏል። ከዚያ ከቋራ አንድ ካሣ ኃይሉ ተነሣ። መሳፍንቱን አንድ በአንድ አሸነፈ፣ በ1855 ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። ንጉሡ ተመለሰ።

የቶልኪን መጽሐፍ እዚህ ያበቃል፤ ሦስተኛው ቅጽ ርእሱም ይኸው ነው። የጥንቶቹ ነገሥታት ወራሽ አራጎርን ይመጣል፣ ማንነቱ የሚታወቀው በጎራዴው ብቻ ሳይሆን ቁስለኞችን በእጁ በመፈወሱ ነው፣ ዘውድ ይደፋል። ዴነቶር ግን ንጉሡን ሳያይ በራሱ እጅ እሳት ውስጥ ይሞታል።

የእኛው እዚያ ላይ አላበቃም። በነገሠ በ11 ዓመቱ፣ በ1866፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ጎንደርን ዘረፏት፣ አብያተ ክርስቲያናቷን አቃጠሉ። ብራናዎቹን ወደ መቅደላ አስጫኑ፤ በ1868 እንግሊዞች ወሰዷቸው፤ ብዙዎቹ ዛሬም ሎንደን ናቸው። በቶልኪን ታሪክ በራሱ እጅ የሞተው እንደራሴው ነው። በእኛ ታሪክ የተመለሰው ንጉሥ ነው።

ይህን ለወንድሜ መናገር ለእኔ ቀላል አልነበረም። አሌክሳንድሪያ ያለው ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የዐፄ ቴዎድሮስ ሥዕል አለ፣ እኔም እወዳቸዋለሁ። "አንተ" አለኝ ድምፁ ተለውጦ፣ "እሳቸው አገር አቃጠሉ ትላለህ፤ እሳቸውን ያቃጠላቸው አገሩ አይደለም ወይ?" መልስ ለመስጠት ስሞክር ስልኩን ዘጋው። ሁለት ሳምንት አልተነጋገርንም።

በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ነው አንድ ነገር ያነበብኩት። ቶልኪን ራሱ ከንጉሡ በኋላ ምን ይሆናል የሚለውን ጥያቄ ሞክሮት ኖሯል። አዲሱ ጥላ የሚል ርእስ ሰጥቶ ጀምሮታል። አራጎርን ሞቷል፣ የነገሠው ልጁ ነው። ሰላም ነው፣ ጥጋብ ነው፤ ሰዎች ግን ሰላሙ ሰልችቷቸዋል። ልጆች ኦርክ (የታሪኩ ክፉ ፍጡራን) ነን እያሉ ዛፍ ያበላሻሉ፣ በጨለማ የሚንሾካሾኩ አሉ። ጥቂት ገጾች ጻፈና ተወው። ነገሩ ጨለማና የሚያሳዝን ሆነበት።

የጎንደር ልጅ ሆኜ ይህን ሳነብ ቶልኪን ስሙን ከየት አመጣው የሚለው ጥያቄ አነሰብኝ። እሱ ፈርቶ የተወውን ምዕራፍ እኛ ኖረነዋል። ይህን ታሪክ በዓለም ዙሪያ የሚወዱ ሰዎች ተሰብስበው ሲከራከሩ፣ ስለ ንስርና ስለ ቀስት ብቻ ሳይሆን፣ ስለዚህም እንድንናገር እፈልጋለሁ። የምንናገረው አለን፣ አያቶቻችን አይተውታል።

ባለፈው እሑድ ለወንድሜ ደወልኩለት። ሰላምታ ተለዋወጥን፣ ስለ እማዬ ጉልበት አወራን። ከዚያ እነዚያን ጥቂት ገጾች ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩለት፤ ልክ እንደዚያ እንደ ቪዲዮ ቤቱ ልጅ፣ ከራሴ ሳልጨምር። አላቋረጠኝም። ጽሑፉ የሚያቆመው አንድ ሽማግሌ ወደ ጨለመ ቤቱ ሲገባ ነው።

"ከዚያስ?" አለኝ።

"አለቀ፤ እዚህ ላይ ነው የተወው" አልኩት።

"እንዴት እዚህ ላይ ይተወዋል?"

መልስ አልነበረኝም። ሁለታችንም ስልኩን ይዘን ቆየን።

በሉ ወዳጆቼ፣ በሚቀጥለው ሳምንት እንገናኛለን። ደህና ሁኑ።